«አትነሺ፣ አትሸኚኝ» ያልኩበት ቤት

ሥራውን ያገኘሁት በኅዳር ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው የግድግዳ ሰዓት ከፊቴ ስለነበረ ነው። ላሊበላ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጬ ነበር። እንግዳ አልነበረም። ከዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ቱሪስቱ ሲመጣ ሲቀር፣ የእኔ ሥራ የክፍሎቹን ቁልፎች አቧራ መጥረግና በየቁጥራቸው መልሶ መስቀል ሆኖ ነበር።

ስልኬ ጮኸ።

«ሲስተር ሙሉ እባላለሁ» አሉኝ። «ለመረጃ ሰብሳቢነት አመልክተሽ ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የሰው ቤት ገብተሽ ዝም ብለሽ መቀመጥ ትችያለሽ?»

«ዝም ማለት እችላለሁ» አልኩ።

ሳቁ። «እሱን ድምፅሽ ነግሮኛል። ዝም ብሎ መቀመጥና ፈርቶ መቀመጥ ግን ለየቅል ናቸው። በይ ነገ ነይ።»

አሁን ያን ሥራ ትቼ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆኛለሁ። መታወቂያዬንና የመስክ ቦርሳዬን ባስረከብኩ ዕለት ሲስተር ሙሉ፣ «ከአንቺ በኋላ ለሚመጡት ልጆች የሠራሽውን ጻፊላቸው። ያማረውን ብቻ ከጻፍሽ ግን አላነበውም» አሉኝ። የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ጥናቱ ሐኪሞች መልቲፕል ስክለሮሲስ ስለሚሉት የነርቭ ሕመም ነበር። ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከለው ኃይል ይሳሳትና የራሱን ሰው ነርቭ መሸፈኛ ያጠቃል። ሕመሙ ይመጣል፣ ይሻላል፣ ደግሞ ይመለሳል። አንዱን ዓይኑን ይጋርደዋል፣ ሌላውን እግሩን ያደነዝዘዋል፣ አብዛኞቹን ግን ያደክማቸዋል። በላስታና በዙሪያው በምርመራ የተረጋገጠላቸው ሰዎች በጣም ጥቂት ስለነበሩ ተቀራራቢ የነርቭ ሕመም ያለባቸውም ተጨምረዋል። እኛ የምንጠይቀው ስለ እግራቸውና ስለ ዓይናቸው አልነበረም። እንዲህ ያለ ሕመም ተሸክሞ የሚኖር ሰው ልቡ ሲሰበር ምን እንደሚሆንና ማን እንደሚደግፈው ነበር የምንጠይቀው።

በየቤቱ እየሄድን ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ቅጽ እንሞላለን። እያንዳንዱ መልስ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ አለው፤ ከፍ ያለው ነጥብ የከበደውን ያሳያል። ድምሩ ከተወሰነ ነጥብ በላይ የሆነለትን ሰው ሲስተር ሙሉ በየሳምንቱ ቤቱ እየሄዱ ያማክሩታል። ያልደረሰለት አይጎበኝም። አማካሪዋ እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ለሁሉም አይዳረሱም። አበላችን ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፤ የስምምነት ቅጹ በሦስት ቅጂ ይፈረማል። ስለ ወረቀቱና ስለ ክፍያው ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ሲስተር ሙሉ የኩልመስክ ልጅ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ሠርተው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። የማይለቋቸው ልማዶች ነበሯቸው። ቤት የሚሄዱት ጠዋት ብቻ ነው፤ ይህ ሕመም ሙቀት አይወድም፣ ፀሐይ ከበረታች ታማሚው ቶሎ ይደክማል። ታማሚው መደብ ላይ ከተቀመጠ እሳቸው ዝቅ ብለው በርጩማ ይፈልጋሉ። አንድ ጥያቄ ጠይቀው መልስ ካገኙ በኋላ ወደሚቀጥለው አይሮጡም፤ በልባቸው አንድ አባታችን ሆይ እስኪያልቅ ዝም ይላሉ። «የመጀመሪያው መልስ ለእንግዳ ነው» ይሉ ነበር። «አባታችን ሆይ ሳይጨረስ የሚመጣው ሁለተኛው ነው የሰውየው።»

የቅጹን ቋንቋም አያምኑትም። «ድባቴ ተሰምቶዎት ያውቃል?» ይላል ቅጹ። በዚህ አገር ይህን የጠየቃችሁት ሰው «ተመስገን» ይላችኋል። ደህና ነህ ወይ ለተባለ ሰው ሌላ መልስ መስጠት አምላክን ማማረር ይመስላል። ሲስተር ሙሉ ግን፣ «ብቻህን ስትሆን ሆድህን ባር ባር ይለዋል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሰውየው ቀና ብሎ ያያቸዋል። ስለ ድካም የሚጠይቀውም እንዲሁ ያሳስታል፤ በሽታው ራሱ ስለሚያደክም ሁሉም «አዎ» ይላል። እሳቸው ደግሞ፣ «ጉልበት በሚኖርህ ሰዓትስ፣ ድሮ ደስ ይልህ የነበረው ነገር ያምርሃል?» ይላሉ። የሰውነት ድካምና የልብ ድካም የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ ያስተማሩኝን ያየሁት በጌታሁን ቤት ነው። ጌታሁን አስጎብኚ ነበር። ሕመሙ ዓይኑንና ሚዛኑን ከነካው ወዲህ የአብያተ ክርስቲያናቱን ደረጃ መውረድ አልቻለም። ሚስቱና ወንድሙ ባሉበት ቅጹን ስንሞላ ያስቀን ነበር።

«ድሮ ፈረንጅ እኔን ይከተል ነበር» አለ። «አሁን እኔ ግድግዳ እከተላለሁ። ግድግዳ ደግሞ ጉርሻ አይሰጥ!»

«ሰው ምን ይልሃል?» አሉት ሲስተር ሙሉ።

«ስንገዳገድ ያየኝ ሁሉ ሰክሯል ይላል። በዐቢይ ጾም ሰክሯል አሉኝ እኮ ሲስተር! ጠጥቼ ቢሆን አይቆጨኝም።»

ሚስቱም ወንድሙም ሳቁ። ነጥቡ ዝቅተኛ ሆነ። ልንሄድ ስንነሳ ጌታሁን ግድግዳውን እየዳሰሰ ሊሸኘን ወጣ፤ ሲስተር ሙሉም አልከለከሉትም። ሚስቱ በር ላይ ቀረች። አጥሩ ጋ ስንደርስ ሲስተር ሙሉ እኔን በዓይናቸው ቀደም በይ አሉኝ። ጥቂት እርምጃ ርቄ ብቆምም ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

«ልጄ እጄን ይዞ ሲመራኝ ጓደኞቹን ካየ መንገድ ይቀይራል» አለ። «እንዳያፍር ብዬ እኔም ያላየሁ እመስላለሁ። ሲስተር፣ ያን ጊዜ ባልተፈጠርኩ እላለሁ።»

ሲስተር ሙሉ እዚያው ቆመው ጥያቄዎቹን እንደገና ጠየቁት። ነጥቡ ከፍ ብሎ ተገኘ። ስንመለስ በመንገድ ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «በእኛ አገር ቤት የሁሉም ነው። ታማሚ ያለበት ቤት ደግሞ ጠያቂ አይጠፋውም። ጠያቂዎቹን ውጡልኝ ማለት ነውር ነው፤ ታማሚውም ብቻዬን ልሁን ካለ ምን ሊናገር ነው ይባላል። እንግዳ ሲሸኝ ግን ሁለት ሰው ብቻ ይቀራል። ሊሸኝሽ የተነሳን ሰው እንዳትመልሽ።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ በማስታወሻዬም ጽፌዋለሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ብቻዬን ቤት መሄድ ጀመርኩ። አራተኛው ቤት የእትዬ ይርገዱ ነበር። ሲስተር ሙሉ በዚያ ሳምንት ኩልመስክ ነበሩ። ረቡዕ ጠዋት በባጃጅ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ አልፌ ወረድኩና ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ።

እትዬ ይርገዱ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ባለትዳር ናት። መጀመሪያ ዓይኗን፣ ከዚያ ግራ እግሯን ያዛት። ባሏ ሞላ አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ አስመርምሯታል። ከእሳቱ ርቃ፣ በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። አማቷ እማማ ጥሩ ምድጃው ጋ ወጥ ያማስላሉ። ሦስት ጎረቤቶች ሊጠይቋት መጥተው ተደርድረዋል።

«ይኸውልሽ ልጄ» አሉኝ እማማ ጥሩ ማማሰያውን እንደያዙ። «እሳት ስትቀርብ ዓይኗ ይጨልማል። እሳት የሚፈራ ምን ዓይነት በሽታ ነው? እስቲ እናንተ የተማራችሁ ንገሩን።»

«ተይ እቴ፣ ስሙን አትጥሪው» አለች አንዷ ጎረቤት።

ሙቀት የተጎዳውን ነርቭ ስለሚያዳክመው ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም አልኩ። ድምፄ ግን ከወጡ መንተክተክ በታች ነበር። ማንም የሰማኝ አልመሰለኝም።

እትዬ ይርገዱ፣ «ምራት ተቀምጣ አማት ስትሠራ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ጎረቤቶቿ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ቅጹን አወጣሁ። ደስ ይላት የነበረው ነገር ቀንሶባት እንደሆነ ጠየቅኋት። እማማ ጥሩ ቀደሟት።

«ምን ጎድሏት! ባሏ አያንገላታት፣ እኔ አላስቸገርኳት። ተመስገን በያ፣ ይርገዱ!»

«ተመስገን» አለች እትዬ ይርገዱ።

አንድ አባታችን ሆይ ያህል ዝም ለማለት ሞከርኩ። የጎረቤቶቹ ስድስት ዓይን ሲያየኝ «ስምህ ይቀደስ» ላይ አቋረጥኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ። በየጥያቄው እማማ ጥሩ ይመልሳሉ፣ እትዬ ይርገዱ ተመስገን ትላለች፣ እኔ ዜሮ እጽፋለሁ። ዘጠነኛው፣ ብሞት ይሻለኛል ብሎ ማሰብን የሚጠይቀው ነው። አንገቴን ደፍቼ አነበብኩት።

«ወግጅ!» አሉ እማማ ጥሩ፤ አማተቡ። «እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ቤት አይጠራም!»

እትዬ ይርገዱ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። ዜሮ ጻፍኩ። ከታች ፈረምኩ።

ልሄድ ስነሳ ዱላዋን ሳበች።

«ልሸኝሽ» አለች።

ስትነሳ ግራ እግሯ ተንቀጠቀጠ፤ በአንድ እጇ ግድግዳውን ያዘች። እኔ ታላቄን፣ ያውም ታማሚ፣ አስነስቼ የምሸኝ ሆኜ አላደግኩም። ሮጬ ትከሻዋን ያዝኩ።

«በሞቴ፣ እትዬ፣ አትነሺ! አትሸኚኝ።»

«እስከ አጥሩ ብቻ» አለች። «የምነግርሽ...»

«ኧረ በማርያም፣ ይበቃል፤ እንደሸኘሽኝ ቁጠሪው።»

«ስሚያት እንጂ» አሉ እማማ ጥሩ። «ልጅቱ አዝናልሽ ነው። እኔ እሸኛታለሁ።»

ተቀመጠች። እማማ ጥሩ እስከ አጥሩ ሸኝተው መረቁኝ። ቁልቁለቱን ስወርድ ጥሩ ጠባይ እንዳሳየሁ ተሰምቶኝ ነበር። በዚህ ሥራ የፈጸምኩት ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፤ ሲፈጸም ጥፋት አይመስልም ነበር።

ዓርብ ዕለት ባሏ ሞላ ደወለልኝ። ቁጥሬ የስምምነት ቅጹ ላይ ስለነበረ ነው።

«ይርገዱ ሆስፒታል ናት» አለ። «ተርፋለች። ደህና ናት፤ ነገ ያስወጧታል።»

«ምን ሆና ነው?»

 «ድንገተኛ አደጋ ነው» አለ። ስልኩን አልዘጋውም። «እህቴ፣ ሰው ከጠየቀሽ ድንገተኛ ነው በይ። እናቴም ለሰው የምትለው እሱን ነው።»

ገባኝ። በእኛ መንደር በገዛ እጁ ሕይወቱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት እንዳይከለከል፣ ቤተሰቡም አንገቱን እንዳይደፋ ይፈራል። የተረፈ ሰው ቤትም ይህ ፍርሃት አለ። ወሬው እንዳይወጣ በሩ ይዘጋል፤ በሩ ሲዘጋ ግን ታማሚዋም ከነሐሳቧ ውስጥ ትቀራለች።

ሲስተር ሙሉ ከኩልመስክ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ልትሸኝሽ ተነስታ ነበር?» አሉኝ።

«ተነስታ ነበር።»

«አንቺስ?»

«አትነሺ አልኳት።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። «ሰኞ ዶክተሩ ይመጣሉ» ብቻ አሉ።

ዶክተሩ የጥናቱ ኃላፊ ናቸው፤ ጠንቃቃና ፍትሐዊ ሰው። ሰኞ ቢሯችን ውስጥ ቅጾቹን ዘርግተው የሚጎበኙትን ሰዎች መረጡ። ታማሚዎቹን በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የሚጠሯቸው፤ እትዬ ይርገዱ አሥራ አንድ ነበረች።

«ቁጥር አሥራ አንድ ይግቡ ብለዋል፣ ሲስተር» አሉ። «ቅጹ ላይ ግን በዘጠኙም ዜሮ ናቸው። ቤተሰቡ ደግሞ የደረሰው ድንገተኛ አደጋ ነው ይላል። በምን መነሻ ነው የማስገባቸው?»

«በልምዴ» አሉ ሲስተር ሙሉ።

«ልምድዎን አከብራለሁ። ግን ያለኝ አንድ ቦታ ነው። ለእሳቸው በልምድ ከሰጠሁ ነጥቡ ደርሶ ቦታ ያጣውን ሰው ምን እለዋለሁ?»

ልክ ነበሩ። ቤተሰቡ የደበቀውን እኛ ማውጣት አንችልም፤ የእኛ አይደለም። የእኔ የሆነው ዜሮው ብቻ ነበር። ዝም ካልኩ እትዬ ይርገዱ ከዝርዝሩ ትወጣለች፤ ዳግመኛ በሯን የሚያንኳኳ አይኖርም። ከተናገርኩ ያልተሰጠኝን መልስ ጽፌ እንደፈረምኩ ማመኔ ነው። ለዚህ ከሥራ እንደሚያሰናብቱ መጀመሪያ ቀን ተነግሮናል።

ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም ነበር። እጄን አወጣሁ፤ ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰዎች ብቻ ስለነበርን እጅ ማውጣት አያስፈልግም ነበር።

«ዜሮው የእሳቸው አይደለም» አልኩ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ዶክተሩ።

«የመለሱት አማታቸው ናቸው። ጎረቤቶችም ነበሩ። እሳቸው ተመስገን ብቻ ነው ያሉት። ዘጠነኛውንማ ጭራሽ አልመለሱም። ዜሮ ያልኩት እኔ ነኝ። ልሄድ ስል ብቻቸውን ሊያናግሩኝ ፈልገው ተነስተው ነበር፤ እኔ መለስኳቸው።»

«ይህን እያወቅሽ ፈረምሽ?»

«ፈረምኩ።»

«ሌሎቹስ ቅጾችሽ?»

«ብቻዬን የሞላኋቸው አራቱም ሰው ባለበት የተሞሉ ናቸው። ልክ ናቸው ብዬ መማል አልችልም።»

ዶክተሩ አራቱን ቅጾች ለዩና በእያንዳንዳቸው ላይ በቀይ ሰረዝ አደረጉ። በጥናቱ ደንብ ቅጽ የሌለው ሰው እንደገና መጠየቅ አለበት፤ እስኪጠየቅ ድረስ ደግሞ ሲስተር ሙሉ ሊጎበኙት ይችላሉ። ክፍቱ ቦታ ሆስፒታል ለገባችው ለቁጥር አሥራ አንድ ተያዘ። ለእኔ፣ «እስክነግርሽ ድረስ ቅጽ ይዘሽ ቤት አትገቢም» አሉኝ። ልክ ነው አልኩ።

ስንወጣ ሲስተር ሙሉ፣ «ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ» አሉኝ።

«ቅጽ መያዝ ተከልክያለሁ እኮ።»

«ማን ቅጽ ያዢ አለሽ? የእኔን ሥራ ውስጥ ሆኜ እሠራለሁ። የአንቺ ሥራ ደጅ ነው።»

«ደጅ ምን አደርጋለሁ?»

«ታወሪያለሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደረስን። እትዬ ይርገዱ ከሆስፒታል በመውጣቷ ሦስቱ ጎረቤቶች እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ ሊሏት መጥተዋል። ጋቢ ተከናንባ መደቡ ላይ ተጋድማለች። አየችኝና ዓይኗን መለሰች። ሲስተር ሙሉ በርጩማ ስበው አጠገቧ ተቀመጡና እጇን ያዙ። እማማ ጥሩ ከራስጌዋ አልነቃነቅ ብለዋል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትጽፊ መጣሽ?» አሉኝ።

«አልጽፍም፣ እማማ። እርስዎን ላማክር ነው የመጣሁት። እናንተንም» አልኩ ወደ ጎረቤቶቹ ዞሬ። «ሽማግሌ ሊላክብኝ ነው።»

እውነት ነበር። ሆቴሉ ውስጥ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም ነበር።

«እና እዚህ ነው የምትነግሪን?» አለች አንዷ።

«ታማሚ ፊት አይሆንም። ደጅ እንውጣ።»

ወጡ። እማማ ጥሩም የበሩን መቃን ይዘው ጥቂት ካመነቱ በኋላ ተከትለው ወጡ፤ ከአጥሩ ጥግ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። በሩን ሲስተር ሙሉ ከውስጥ ገፋ አደረጉት።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ እማማ ጥሩ። ነገርኳቸው። «ሥራ አለው?» አለው። «መልኩስ?» ሲሉኝ አፍሬ ሳቅሁ፤ እነሱም ሳቁ። በሕይወቴ ለአራት ሰው በአንድ ጊዜ አውርቼ አላውቅም። ስለ ቁመቱ፣ ስለ አባቱ ቁጡነት፣ ስለ ሰጠኝና ስለመለስኩለት ሻርፕ አወራሁ። ያለቀብኝን ደገምኩ። አንደኛዋ ጎረቤት እሺ በይው አለች፣ ሌላዋ ቆይ አለች፣ እርስ በርስ ተከራከሩ። በክርክሩ መሐል ከቤት ውስጥ ለቅሶ ተሰማ፤ መጀመሪያ ዝግ ያለ፣ ቀጥሎ የታፈነ ነገር ሲለቀቅ የሚሰማ ዓይነት።

ክርክሩ ተቋረጠ።

«ልያት» አሉ እማማ ጥሩ ብድግ እያሉ። «እኔ ካልመለስኩላት ማን ይመልስላታል?»

የነጠላቸውን ጫፍ ያዝኩ።

«ቆይ እማማ» አልኩ። «ሻርፑን ለምን እንደመለስኩለት አልነገርኩዎትም።»

በሩን አዩ፤ እኔን አዩ። ተመልሰው ተቀመጡ።